ቀይ ጨርቅ ያለባቸው ጎጆዎች

ከስርቆቱ በፊት፣ በሐይቁ መሃል ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ ሠላሳ አራት የውሃ ወፍ ጎጆዎች ነበሩ። በየጎጆው ሁለት ሁለት እንቁላል ተኝቷል። ወፎቹን የምታጠናው ተመራማሪ ሣር ውስጥ የተደበቀ እንቁላል እንዳትረግጥ፣ በእያንዳንዱ ጎጆ አጠገብ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቀጭን እንጨት ተክላለች። ጉም ሲወርድ ደሴቷ ትጠፋና ጨርቆቹ ብቻ ይቀራሉ፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከጀልባ ማቆሚያው ጣሪያ ላይ አንዲት ቁራ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታያለች።

ተመራማሪዋ በሳምንቱ ስትመለስ ሃያ ሁለቱ ጎጆዎች ባዶ ነበሩ።

ቅርፊት የለም። የተረገጠ ሣር የለም። እናቶቹ ግን ሕልማቸውን ላለመጨረስ እንደሚሞክሩ ሁሉ ባዶው ላይ ተኝተው ዓይናቸውን ከድነዋል።

ወፎቹ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ፖሊስ ተጠራ። ጭቃ የሚጠየፈው መርማሪ ደሴቷን ዞሮ የሁለት ሰው ዱካ ብቻ አገኘ፤ የተመራማሪዋንና የደሴቷን ጥበቃ። ጥበቃው አጎቷ ነው፤ የእናቷ ወንድም። መቅዘፍ ያስተማራት እሱ ነው።

«ከአንተ ሌላ ወደ ደሴቷ ማን ይሻገራል?» አለው መርማሪው።

«የእህቴ ልጅ።»

«ሌላስ?»

«ጉሙ።»

መርማሪው አልሳቀም። «ጅብን ሥጋ ጠባቂ አድርገው ቀልድ ያስወሩብኛል! ለማን ሸጥከው?»

«ጌታው፣ እኔ እንቁላል ገና ሲሸተኝ ሆዴን ያመኛል።»

«ማዶ ያለው ዓሣ አጥማጅስ?» አለች ተመራማሪዋ።

«ጀልባው ተሸንቁሮ ዳር ላይ ተደፍቷል» አለ መርማሪው። «አንቺም ዘመድ ነው ብለሽ አትሸፍኚው። አጎትሽ ነገ ጣቢያ ይገባል።»

ብቻዋን ተሻገረች። ጉሙ ውስጥ ከጎጆ ወደ ጎጆ ሄደች። የተረፉት አሥራ ሁለቱ ሁሉም በነፋሻው ዳር ነበሩ፤ እንጨቶቻቸው ወድቀው ጨርቆቹ ሣር ውስጥ ሰምጠዋል። ነፋስ የጣለው ሁሉ ተርፏል። የቆመው ሁሉ ተዘርፏል።

ቆመች። አጎቷ ጎጆዎቹን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኛቸዋል፤ ጨርቅ አያስፈልገውም። ሌባው ግን ያለ ጨርቁ ዕውር ነው።

የቆሙትን እንጨቶች ነቀለች። ሦስቱን ጎጆ በሌለበት ተከለቻቸው።

በማግስቱ ማለዳ፣ አጎቷን ከማሰርዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ ብላ ካመጣችው መርማሪ ጋር በደሴቷ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ተቀመጡ። አጎቷ ሻይ ሊያመጣ ሄዷል።

«አጎትሽ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ» ብሎ አጉረመረመ መርማሪው። «አመለጠ እንዴ?»

«ዝም ይበሉ። ላኪዋ ራሷ መጣች።»

ቁራዋ ከጉሙ ወጥታ የመጀመሪያው ጨርቅ ሥር አረፈች። እንጨቱን ዞረችው። ሣሩን በመንቁሯ ገለጥ አደረገች። ምንም የለም። ወደ ሁለተኛው ሄደች። ምንም። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጨርቁን ነክሳ ጎተተችው፤ ከዚያም አጭበርብረውኛል እንደሚል ገበያተኛ ጮኸች።

ጉሙ ሲገፈፍ፣ ወደ ማዶ ስትበር በመነጽር ተከተሏት። ማዶ ካለው ረጅም ዛፍ ላይ አራት ቀያይ አፎች ተከፈቱ። ከዛፉ ሥር የእንቁላል ቅርፊት ተከምሯል፤ እያንዳንዱ አንድ ቀዳዳ አለው።

«ልጆቿን ልታበላ ነዋ» አለ መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ አሁን ማንን ልሰር?»

«ጣሪያ ላይ ሆና፣ እንጨቶቹን ስተክል ታየኝ ነበር። ቤቱን ያሳየኋት እኔ ነኝ።»

ሸምበቆው ተንኮሻኮሸ። አጎቷ ፔርሙዙን አቅፎ ብቅ አለ።

«ጌታው፣ ሻይ ይቅመሱ። እንቁላል ግን የለኝም።»

በዚህኛው ቀልድ መርማሪው ሳቀ፤ ጭቃው ውስጥ መቀመጡንም ረሳው።

የቀሩትን ጨርቆች በዚያው ቀን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲህ ጎጆዎቹን ከማዶ ሆና በመነጽር ብቻ ቆጠረች። ከአሥራ ሁለቱ ጎጆዎች አሥራ ዘጠኝ ጫጩቶች ወደ ውሃው ወረዱ። ከረጅሙ ዛፍ ላይም ሦስት የቁራ ልጆች በረሩ።