የአባቷ የሥራ ልብስ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ደወል ከመደወሉ በፊት፣ የስምንተኛ ሐ ክፍል ሰሌዳ ላይ አራት ሥራዎች በነጭ ጠመኔ ተጽፈው ነበር፦ እሳት አጥፊ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ሙዚቀኛ። ዓርብ ዕለት አራት እንግዶች መጥተው ስለ ሥራቸው ይናገራሉ። ተማሪዎች ሊያዳምጡት በፈለጉት እንግዳ ሥር ስማቸውን ጽፈዋል። ከሙዚቀኛው ሥር የተጻፈው ስም ቦታ አጥሮት በሰሌዳው ጠርዝ ታጥፎ ወርዷል። ከሌላ ክፍል መጥተው የጻፉትን ጨምሮ ሠላሳ ሁለት ነበሩ።

ሙዚቀኛው የኮቶኔ አባት ነው።

«አባትሽን ግን ኩል ማን አስተማረው?» አለ ከኋላዋ የሚቀመጠው ሪኩቶ። «እህቴ አንዱን ዓይን ተኩላ ስትጨርስ ሌላው ላይ ታለቅሳለች።»

«መጥተህ ጠይቀው። ስምህን ጽፈህ የለ?»

«እጠይቀዋለሁ። እየቀለድኩ እንዳይመስልሽ ደግሞ።»

ኮቶኔ አልከፋትም። አባቷ ኡሱባራ በሚባል የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ባንዱ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሷን በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣታል። አራቱ አባላት ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ጥቁር ዳንቴል ለብሰው ነው መድረክ የሚወጡት። እያንዳንዱ የራሱን ፊት ራሱ ይስላል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። በከተማቸው በናጋኦካ ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። ሆኖም አባቷ ቆሻሻ በሚወጣበት ቀን ማልዶ ተነስቶ፣ ቁራ እንዳይበትነው የሰፈሩን ከረጢት ሁሉ መረብ የሚያለብስ ዝምተኛ ሰው ስለሆነ፣ ጎረቤቶቹ ነገሬ ብለውት አያውቁም።

ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የክፍላቸው ኃላፊ መምህርት ኢናባ ኮሪደር ላይ ጠራቻት።

«ኮቶኔ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ትናንት ከአባትሽ ጋር በስልክ ተነጋግረዋል። አባትሽ በሙሉ ልብስና በክራቫት፣ ያለ ሜካፕ ሊመጡ ተስማምተዋል። ፀጉራቸውንም ወደ ኋላ ያስሩታል።»

«ሌሎቹስ፣ ቲቸር?»

«ሌሎቹ ምን?»

«እሳት አጥፊውም በክራቫት ነው የሚመጣው?»

መምህርቷ የያዘችውን መጽሐፍ ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

ኮቶኔ የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ አባል ናት። የጥሪ ወረቀቱን ለአራቱም እንግዶች በእጇ ያደረሰችው እሷ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ራሱ ያሳተመው ወረቀት «ከተቻለ በሥራ ልብስዎ ይምጡልን» ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ወረቀቱን ሲያነብ ረጅሙን ቆብ ላድርግ ወይስ አጭሩን ብሎ ጠይቋት ነበር።

በምሳ ሰዓት የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ እጅ ነሳች፤ እንደ ደንቡ ክፍሏንና ስሟን ተናገረች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኩዋባራ ሻያቸውን አስቀምጠው በፈገግታ ጠሯት።

«መምህር፣ የጥሪ ወረቀቱ በሥራ ልብስ ይምጡ ነው የሚለው።»

«ልክ ነሽ፣ ይላል። ነገር ግን ትምህርት ቤታችን ሜካፕ ይከለክላል። ከተማሪ ላይ የከንፈር ቀለም እየወሰድን እንግዳ ተኳኩሎ ሲመጣ ዝም ብንል፣ ልጆቹ ምን ይሉናል?»

«መጥረቢያም ይከለከላል። እሳት አጥፊው ግን መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል ተብሏል።»

አጠገባቸው የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ወደ ምሳ ዕቃው አቀረቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መጥረቢያው የሥራ መሣሪያ ነው» አሉ ኩዋባራ።

«የአባቴስ?»

«የአባትሽ ትዕይንት ነው። እኛ ደግሞ ልጆቹ እውነተኛውን ሰው እንዲያዩ ነው የምንፈልገው። አባትሽ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ገና ሳልጨርስ ነው የገባቸው። አንቺም ይገባሻል።»

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ኮቶኔን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት እሱ ነው። ቢቆጧት ኖሮ መቆጣት ትችል ነበር፤ እሳቸው ግን አባቷን እያመሰገኑ ነው ያዋረዱት። እጅ ነስታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ያለውን ትምህርት አንዱንም አልሰማችም።

ማታ እናቷ ተረኛ ስለነበረች ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቷን ፀጉሩን በእርሳስ ጠቅልሎ ዓሣ ሲጠብስ አገኘችው።

«ለምን እሺ አልክ?»

«መጀመሪያ እንደምን አመሸህ ይባላል።»

«አባዬ።»

«ግማሽ ሰዓት እኮ ነው። ፊቴ ደግሞ ያን ያህል አያስደነግጥም።»

«በባንዱ ስም በባዶ ፊት ሰው ፊት አንቆምም ብላችሁ የለ? የአራታችሁ ሕግ ነው። ራስህ ነህ የነገርከኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላደረጋችሁትም።»

«አንድ ዓመት አለ» አለ አባቷ።

ኮቶኔ ይህን ሰምታ አታውቅም። እሱ ምድጃውን አጥፍቶ ዞረ።

«በአምስተኛው ዓመታችን ከቶኪዮ አንድ ትልቅ ኩባንያ መጣ። ዜማችሁ ግሩም ነው፣ ቀለሙ ግን ይታጠብ፣ እንዲህ ሆናችሁ ለቴሌቪዥን አትሆኑም አሉን። ታጠብን። አንድ አልበም ሠራን።»

«ተሸጠ?»

«ከሠራናቸው ሁሉ እንደ እሱ የተሸጠ የለም። ችግሩ ከፊት መስመር ይቆሙ የነበሩት ልጆች ጠፉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊታቸውን የማውቃቸው። አንዷን ባቡር ጣቢያ አገኘኋትና ለምን ቀራችሁ አልኳት። ‹ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት መሄድ ያስጠላኝ ነበር። እነሱ እንደዚያ ሆነው ሰው ፊት ከቆሙ እኔም እችላለሁ እያልኩ ነበር የምሄደው። ለካ እናንተም ታፍራላችሁ› አለችኝ።»

«ምን መለስክላት?»

«ባቡሯ መጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ውሉን ትተን ወደ ቀለማችን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ታጠቡ ላለን ሁሉ እምቢ ብለናል።»

«እስከ ትናንት።»

«እስከ ትናንት» አለ።

«ታዲያ ለምን?»

«ከርሞ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለ ፈተና የሚያስገባሽን የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈርመው ያ የደወለልኝ ሰውዬ ነው። በግማሽ ሰዓት ምን ይጎድልብኛል ብዬ ነው።»

ኮቶኔ ቀኑን ሙሉ ተሸክማው የዋለችው ንዴት አሁን ወደ ራሷ ቤት ዞረ።

«ስለዚህ በእኔ ስም ነው የምትታጠበው። እኔ ለመንኩህ?»

«አልለመንሽኝም።»

«እኔ ነኝ እኮ ቆሜ የማስተዋውቅህ። ሠላሳ ሁለት ልጅ ፊት አባቴ ነው ልል ነው፤ አንተ ደግሞ እንደ ኢንሹራንስ ሻጭ ክራቫትህን አስረህ…»

«ኢንሹራንስ መሸጥም ሥራ ነው።»

«የአንተ አይደለም።»

አባቷ መሳቅ ጀምሮ ተወው። «ቃል ሰጥቻለሁ፣ ኮቶኔ። ቃል ሰጥቼ አልቀርም፤ ታውቂኛለሽ።»

ታውቀዋለች። ስለዚህ ሳህን አወጣች፣ ሩዝ ጨለፈች፣ ተቀመጠች። ቃሉን እሱ ማጠፍ አይችልም። ግን ማን ነው የጠራው? ወረቀቱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት።

«ጥሪውን ያመጣሁልህ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «መልሼ ብወስደውስ?»

«ደብዳቤውስ?»

«ካልፈረመልኝ በፈተና እገባለሁ። ብዙው ሰው የሚገባው በፈተና ነው።»

«ፈተናው ከባድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አባቷ ዓሣውን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ግማሽ እሷ ሳህን ላይ አደረገና በዚያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ኮቶኔ እንደገና በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች።

«አባትሽ እኮ ተስማምተዋል» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ሰምተው ሲጨርሱ።

«እሱ ተስማምቷል። የጠራነው ግን በሥራ ልብሱ ነበር። እንደዚያ ሆኖ መምጣት ካልተፈቀደለት፣ ጥሪውን ያደረስኩት እኔ ነኝና መልሼ ወስጄዋለሁ።»

«ልጆቹ በጉጉት ነው የሚጠብቋቸው። ያስቆጫል።»

«አዎ፣ ያስቆጫል» አለች ኮቶኔ።

ወደ ክፍል ስትመለስ መምህርት ኢናባ ነገሩን ቀድማ ሰምታ ዳስተሩን አንስታ ነበር። ኮቶኔ ተቀበለቻትና «ሙዚቀኛ» የሚለውን ከላይ ጀምራ ራሷ አጠፋችው። ከሥሩ ያሉትን ስሞች ግን አልነካችም።

ክፍሉ አጉረመረመ። «እንዴ፣ የኩሉን ነገር አሁን ማንን ልጠይቅ?» አለ ሪኩቶ።

«ቅዳሜ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው አዳራሽ ውስጥ እነ አባቴ ይጫወታሉ» አለች ኮቶኔ፣ ወንበሯን እየሳበች። «በሥራ ልብሱ ነው።»

ዓርብ ሦስት እንግዶች መጡ። እሳት አጥፊው መጥረቢያውን ይዞ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ረጅሙን ቆብ አድርጎ። የሙዚቀኛውን አድማጮች ለሦስቱ አከፋፈሏቸው።

ቅዳሜ ከሠላሳ ሁለቱ ዘጠኙ አዳራሹ መጥተው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተደርድረው ቆሙ። ኡሱባራ ሲጫወት ተመልካቹ በየአዝማቹ እጁን አንስቶ አንድ ላይ ወደ ግራ ያወዛውዛል፤ ከፊት የቆሙት ሴቶች ይህን ሲያደርጉ ብዙ ዓመታቸው ነው። ዘጠኙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ወደ ቀኝ አወዛወዙ። ከአራተኛው ዘፈን ጀምሮ ስምንቱ ወደ ግራ ተስተካክለዋል፤ አንዱ ብቻ አሁንም ወደ ቀኝ ነው።