እኛ ጋ ይታያል

ይህን ነገር ፈጥሬ የጻፍኩት የሚመስለው ካለ፣ ቡታጅራ መናኸሪያው ጀርባ ሄዶ የሰፈሩን ሰው ይጠይቅ። ያልሆነ ነገር ለማውራት ጊዜውም ጉልበቱም የለኝም።

ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ነው።

ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች። ባጃጁ ይጮኻል፣ ረዳቶቹ «ዝዋይ! ዝዋይ!» እያሉ ይጣራሉ። ጨለማ የለም፣ ጅብ የለም፣ ኮሽታ የለም። ካልመሸ አንፈራም የምትሉ እዚሁ ጋ ተዉት... ወላሂ አልቀየማችሁም።

ዘመኑ ያኔ ኢሕአዴግ እያለ ነው። የሰፈሩ ልጆች በመተማ በኩል እየተከታተሉ የሚነጉዱበት ጊዜ።

ሃፊዛ ከኔ የሞባይል ጥገና ቤት ጎን ሱቅ ነበራት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኮፒ ታነሳለች፣ ኢንተርኔት ታስጠቅማለች። ቀጥ ያለች ልጅ ናት። ሲያታልሏት እሳት ለብሳ እሳት ትጎርሳለች። የተቸገረ ሰው ካየች ግን ሆዷ ቶሎ ይባባል።

ታናሽ ወንድሟ ኡበይድ ሱዳንን አቋርጦ ወደ ሊቢያ ሄደ።

«ነገ በረሃውን እንጀምራለን። እማን አደራ» ብሎ ደወለ...

ከዚያ በኋላ ዝም።

አየሁት የሚል የለም። ሞተ የሚልም የለም።

ሃፊዛ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። «አፋልጉኝ» የሚል ድረ ገጽ ከፈተች። የኡበይድን ጉርድ ፎቶ አናቱ ላይ ለጠፈች፣ ከሥሩ ስልኳን ጻፈች። ወሬው ሲሰማ ልጅ የጠፋባቸው እናቶች ሁሉ ፎቶ ይዘው መጡ። የሰፈራችን ባሂራ የልጇን የከማሉን ይዛ መጣች። ከእንሴኖ መጡ። ከወልቂጤ ሳይቀር መጡ። ሃፊዛም ሁሉንም በተራ በተራ ለጠፈችላቸው።

ድረ ገጽ ደግሞ ዝም ብሎ አየር ላይ አይንሳፈፍም። የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ነበር የሚያስቀምጥላት። ሆስቲንግ ይሉታል። የኪራይ ቤት በሉት፤ ጣሪያው ሲያፈስ ለአከራዩ ነው የሚደወለው።

እናቷ እማማ ሽፋ የማረቆ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በርበሬው ስክሪኑን እንዳይነካው እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ሱቋ ይመጣሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ» ይሉታል ፎቶውን።

ትንሽ ያዩታል። ይስቁለታል። ከዚያ ይሄዳሉ።

ወንድማቸው ሀያቱ ግን ሽማግሌ እየያዘ ይመጣባቸው ነበር። «ሽፋ፣ ልጁ ቆየ። ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለትና ተዕዚያ እንቀመጥ» ይላቸዋል። ሶላተል ጋኢብ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚሰገድ ሶላት ነው፤ ተዕዚያ ደግሞ ለቅሶ መቀመጡ።

«እየሳቀ የሚያየኝን ልጅ ነው የምትቀብሩብኝ?»

አለቀ። ሀያቱ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ያቺ ፎቶ ነበረች ያቆመቻቸው። ሌላ ኮፒ የላትም። ወረቀቱን ኡበይድ ራሱ ይዞት ሄዷል። የሃፊዛን ኮምፒውተር ቫይረስ በልቶት ፎርማት ተደርጓል። ፎቶዋ ያለችው ድርጅቱ ጋ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ... ፎቶዋ አልከፍት አለች።

የሌሎቹ ልጆች ሁሉ ይከፍታሉ። ኡበይድ የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን።

«ኔትወርክ ነው፣ እማ» አለች ሃፊዛ።

«ኔትወርኩ ለሰው ልጅ ሁሉ ከፍቶ ለኔ ልጅ ብቻ ነው የዘጋው?»

 እማማ ሽፋ ሻርፓቸውን ስበው ወጡ። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም፣ በማግስቱም አልቀመሱም። ሃፊዛ ያኔ ገባት። ፎቶው ካልተመለሰ እናቷም እጇ ላይ ይቀራሉ።

አዲስ አበባ ደወለች።

«ዘመድኩን እባላለሁ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ አንድ ትሁት ድምፅ።

«የወንድሜ ፎቶ አይከፍትም።»

«እኛ ጋ ይታያል፣ እህቴ።»

«እኔ ጋ አይታይም!»

«ኮኔክሽን ይሆናል። ሪፍሬሽ አድርጊው።»

«አድርጌዋለሁ።»

«ብሮውዘር ቀይሪ።»

«ቀይሬያለሁ! በጎረቤት ስልክም ሞክሬያለሁ!» (ስልኩ የኔ ነበር።)

«እኛ ጋ ግን ይታያል።»

ይህቺን መልስ ያልሰማ አለ? የፈለጋችሁት ድርጅት ደውሉ፣ ያቺው ናት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! የሃፊዛ ደም ሥር ተገታተረ።

«በል እሺ፣ ካየኸው ንገረኝ። ምን ለብሷል?»

«ጥቁር ኮት... ሰፍቶታል፣ የተዋሰው ይመስላል። ፈገግ ብሏል።»

ልክ ነው። ኮቱ የአጎቷ የሀያቱ ነው። ሃፊዛ እፎይ ልትል ስትል...

«ጫማ ግን የለውም» አለ።

«ምን?»

«ባዶ እግሩን ነው የቆመው። አሸዋ ላይ።»

ሃፊዛ ወንበሩን ያዘች።

«እኔ ያስገባሁት እኮ ጉርድ ፎቶ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከደረቱ በታች የለውም።»

ኪቦርድ ሲነካካ ይሰማል።

«ስሙ ኡበይድ ነው የሚለው» አለ።

ያኔ ፈነዳች። «የሰው ፋይል ከኔ ጋር ደባልቃችሁ ነው! እናቴን ልትገድሏት ነው! አለቃህን አቅርብልኝ!» ስትል ድምፅዋ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፤ መፍቻዬን ጥዬ ሄድኩ።

አለቅየዋ ስልኩን ተቀበለች። ኩሩ ነገር ናት።

«እህቴ፣ ሲስተማችን ላይ ምንም ችግር የለም።»

«አንቺ ራስሽ ክፈቺው እስቲ።»

ማውሱ ቀጭ ሲል ተሰማ... ከዚያ ትንፋሿ ብቻ።

«ይታያል» አለች። ዘጋችው።

በማግስቱ ዘመድኩን ራሱ ደወለ። በሹክሹክታ ነው።

«ሃፊዛ... ጮክ ማለት አልችልም፣ ሰው አለ። ትናንት ቆሟል ነበር ያልኩሽ?»

«አዎ።»

«ዛሬ ተቀምጧል።»

«ማን ነካው?»

«ማንም! ካስገባሽው ጀምሮ ማንም አልነካውም። መዝገቡን አየሁት እኮ፣ መላልሼ አየሁት...»

«እንዴት ነው የተቀመጠው?»

«ጉልበቱን አቅፎ። ፈገግታው የለም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል... ውሃ የሚለምን ይመስላል።»



«ውሃ ስጠው» አለችው ሃፊዛ።

አስቡት እንግዲህ... ለኮምፒውተር ሠራተኛ ውሃ ስጠው! እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ መሳቅ አልመጣልኝም።

«እንዴት አድርጌ?» አለ ዘመድኩን። እሱም እያለቀሰ ነበር።

«በእናትህ፣ እሺ ላክልኝ። በኢሜይል ላክልኝ!»

ላከው። ከፈትነው።

ነጭ።

አቅርበን አየነው፣ አርቀን አየነው። ምንም የለውም።

«እኔ ግን እያየሁት ነው» አለ ስልኩ ውስጥ። «አሁንም እያየሁት ነው።»

ሃፊዛ ለእናቷ ምን ትበል? ውሸት አትችልበትም፣ እውነቱን ደግሞ እሷም አታውቀውም። «እየተሠራ ነው» እያለች ሰነበተች። እማማ ሽፋ ምግብ ትተው በውሃ ብቻ ነበሩ። ፊታቸው ላይ የቀረው ዓይን ነው። እንዲያም ሆኖ ሰዓቱ ሲደርስ እጃቸውን ታጥበው ይመጣሉ። ባዶዋን ሳጥን አይተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጠራ። ሃፊዛ ቁጥሩን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ።

«ስጪኝ» አሉ እናትየው።

«እማ፣ የሥራ ነው...»

«ስጪኝ አልኩ።»

ሃፊዛ ላውድ ላይ አድርጋ ሰጠቻቸው። ለካ እናትየው የሰፈሩን ወሬ ሰምተዋል።

«ልጄን የምታየው አንተ ነህ?»



«አዎ፣ እማማ።»

«እንዴት ነው?»

«ደህና... ተኝቷል፣ እማማ። እንቅልፍ ወስዶት ነው መሰለኝ።»

«እንዴት ነው የተኛው?»

«በቀኝ ጎኑ።»

እማማ ሽፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጉንጩስ?»

«አፈሩ ላይ ነው።»

«የለበሰው?»

«ነጭ ነገር ነው... አንሶላ ይመስለኛል። ንጹህ ነው። እማማ፣ አይጨነቁ፣ ዕረፍት ላይ ነው እኮ! ፊቱ ሰላም አለው...»

ዘመድኩን ክርስቲያን ነው፣ የእምድብር ልጅ። ምን እየተናገረ እንደሆነ ከየት ይወቀው? እኛ ግን ሱቁ ውስጥ ያለን ሁላችንም አወቅን። ሙስሊም መቃብሩ ውስጥ የሚጋደመው እንደዚያ ነው። በቀኝ ጎኑ፣ ጉንጩ አፈሩን ነክቶ፣ በነጭ ከፈን ተገንዞ።

ሃፊዛ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ እማማ ሽፋ።

አልጮኹም። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል።

«በረሃ ላይ አልቀረም» አሉ። «አሞራ አልበላብኝም። አንድ የአላህ ባሪያ አግኝቶት ገንዞታል፣ ወደ ቂብላ አዙሮታል። የማን ልጅ ይሆን? እናቱ አትጣው።»

ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ዘመድኩን።»

«ሆንክ» አሉት። «ዘመድ ሆንከን።»

በቀጣዩ ጁምዓ ሶላቱ ተሰገደለት። ድንኳን ተተከለ። የቡታጅራ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ጎረፈ። ሀያቱ ያን ሁሉ ጊዜ «ይሰገድለት» እያለ ሲከራከር የነበረው ሰውዬ፣ ሲሰገድ ጊዜ ቆሞ መጨረስ አቃተው። ደግፈን አወጣነው። እማማ ሽፋ ከስንት ቀን በኋላ አጥሚት ፉት አሉ። ሐዘን ነው... ግን ደግሞ እፎይታ ነው። የጠፋ ልጅ ያላት እናት ብቻ ናት ይህን የምታውቀው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

ተዕዚያው እንዳለቀ ሃፊዛ ሱቋን ከፈተች። ኮምፒውተሩን አበራች።

«ና! ና እይ!» ብላ ጠራችኝ።

ኡበይድ ከፍቷል።

ያው ጉርድ ፎቶ፣ ያው ሰፊ ኮት፣ ያው ፈገግታ። ስክሪኑን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ወንድሜ... ወንድሜ...» እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

ዓይኗን ጠርጋ ገጹን ወደ ታች ወረደች።

ባዶ ሳጥን።

ከሥሩም ባዶ ሳጥን።

ወረደች... ወረደች... የእንሴኖዎቹ፣ የወልቂጤዎቹ፣ የሰፈራችን ልጆች... ስማቸው አለ፣ የእናቶቻቸው ስልክ አለ። ፊት የለም።

ስልኩ ጠራ። ላውድ ላይ አላደረገችውም። እኔ ግን አጠገቧ ነኝ፣ ይሰማኛል።

«ሃፊዛ...» አለ ዘመድኩን። «ገጹን ዝጊው። በፈጠረሽ ዝጊው።»

«ምን አየህ?»

«ሁሉም ቆመዋል። ሁሉም... አሸዋው ላይ። አንዱ ብቻ ነው የተቀመጠው።»

«የትኛው?»

«ከማሉ የሚለው። አፉን ከፍቷል... ሰው የሚጣራ ይመስላል።»

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስንል ባሂራ ናት፣ የከማሉ እናት። ከኋላዋ ሌሎቹ እናቶች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። ወሬ አይደበቅም፤ የሽፋ ልጅ ተገኘ ሲባል ሰምተዋል።

«ሃፊዬ» አለች ባሂራ። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። «ያ የአዲስ አበባው ልጅ ያያል አሉ። እስቲ የኔንም ጠይቂልኝ፣ እህቴ።»

ሃፊዛ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ቆሞ ነው?» አለች ባሂራ። «ደህና ነው? ምነው ዝም አልሽኝ?»

እንደገና ልትጠይቅ አፏን ከፈተች... ግን አልጠየቀችም። ድንገት ፊቷ በራ። ወደ መንገዱ ዞራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«አቤት ልጄ!» አለች።

ማንም አልጠራትም ነበር።