አሥራ ሁለት ክንድ ገርሙድ

የንጉሥ አዝማሬድ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ የሶርቅ በር አለቀሰ።

የኤልሞር ከተማ ከሶርቅ ሐይቅ በታች፣ በሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች ናት። በከተማዋና በሐይቁ መካከል አንድ የድንጋይ ግንብ ቆሟል፤ በግንቡ መካከል ደግሞ ሦስት መቶ ክረምት ያለፈበት የእንጨት በር አለ። ከበሩ ጀርባ፣ በጥልቁ ውሃ ውስጥ፣ ባለ አንድ ቀንዱ ዘንዶ ሉሃም ይኖራል። ሐይቁ በሞላ ቁጥር ተነሥቶ በሩን በግንባሩ ይገጫል፤ በሩም ይመልሰዋል። በዚያ ቀን ግን የበሩ የታችኛው አግዳሚ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ቢጫ ውሃ እንደ እንባ ወረደ።

ካህናቱ ጥንታዊውን ብራና ገልጠው አነበቡ። «በሩ ባለቀሰ በሰባኛው ቀን ቀንዱ ከተማ ይገባል» ይላል።

ንጉሡ ጉባኤ ጠርተው የናህማር መንግሥት የጠራቢዎች አለቃ የሆነውን ሽማግሌውን ሄርጻንን አስቀረቡ። ሄርጻን ከሁለት ልጆቹ ጋር ገባ፤ ሴቷ ሰልሚት በሃያ ሁለት ዓመቷ ከአባቷ እኩል መጥረቢያ የምታነሣ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ ኤዛር ደግሞ በመጋዝ የታወቀ ነው።

«ንጉሥ ሆይ» አለ ሄርጻን፣ በእያንዳንዱ ቃል መሐል እየሳለ፤ «ሌላ እንጨት ውሃ ውስጥ በአሥር ዓመት ይበሰብሳል። ይህ በር የተሠራበት እንጨት ግን ገርሙድ ነው። ውሃ ላይ ቢጥሉት እንደ ድንጋይ ይሰጥማል። ምስጥ አይደፍረውም፤ የውሃ ትል አይበላውም። አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ካልበሱት ምስማር ያጎብጣል። መጥረቢያን በቀን ሦስት ጊዜ ያደነዝዛል። ስንጥሩ ሥጋ ውስጥ ከገባ ያመረቅዛል፤ ብናኙም የሚጠርበውን ሰው ደረት ይበላል። እኔን እንደሚያዩኝ ያደርጋል። ሉሃምን የሚመልስ ሌላ እንጨት ግን የለም። የሚያስፈልገን አሥራ ሁለት ክንድ አግዳሚ ነው።»

«የት ይገኛል?» አሉ ንጉሡ።

ሽማግሌው የንጉሡን ፊት ተመለከተ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለ።

«በደቡብ፣ በጉምራ ተራሮች እግር፣ ዝናብ በማያቋርጥበት ሞቃት ደን ውስጥ አንድ ዛፍ ቀርቷል ይባላል።»

ሰልሚት ከአባቷ ጀርባ ወጥታ በጉባኤው ፊት ተንበረከከች። «በእናቴ አጥንት እምላለሁ! ያለ አሥራ ሁለት ክንድ ገርሙድ ወደ ኤልሞር ብመለስ፣ ይህች እጄ ዳግመኛ መጥረቢያ አትጨብጥ!»

ንጉሡም ከቤተ መንግሥቱ ዘብ አዛዥ ከሻለቃ ቶርማድና ከሠላሳ ወታደሮች ጋር ሰደዷት። ኤዛር ሳይጠራ መጋዙን ተሸክሞ ተከተላት። «አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ዛፉን ጠማማ አድርገሽ ብታመጪውስ?» አላት፤ እየሳቀ።

አሥራ ስድስት ቀን ተጓዙ። በቃርማ ረግረግ ላይ ሽራ የሚባሉት ባለ ጥፍር ክንፋም እባቦች ከሰማይ ወርደው ሦስት ወታደሮች ነጠቁባቸው። ቶርማድ አንዱን እባብ በሰይፉ ሁለት ቢያደርገውም፣ በጥፍሮቹ መካከል የነበረው ሰው ሞቶ ወደቀ። ቶርማድ የሟቹን ጫማ ፈቶ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ጓደኛው ሰጠና «ለመቅበር ጊዜ የለንም» አለ።

በጉምራ ደን ውስጥ ከዳገት ላይ የበቀለው የመጨረሻው ገርሙድ ቆሟል። ግንዱን ስምንት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ከሥሩ የዛፉ ጠባቂ እማ ዶሪት ተቀምጣ ነበር፤ ፀጉሯ ነጭ፣ መዳፎቿ በእንጨቱ ቀለም የወየቡ አሮጊት።

«ለምን ፈለጋችሁት?» አለች።

«ለበር ነው፣ እማማ» አለች ሰልሚት።

«የዛሬ ሃምሳ ዓመትም ለበር ነው ብለው መጡ። እናቴ ቃላቸውን አምና አርባ ዛፍ ቆጥራ ሰጠቻቸው። አርባው የት ደረሰ?»

ቶርማድ የራስ ቁሩን አወለቀ። «ወለል ሆነ፣ እማማ። የንጉሥ ወለል፣ የንጉሥ ማዕድ፣ የንጉሥ አልጋ። እኔ በየቀኑ እረግጠዋለሁ።»

ዶሪት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከልቅሶ ይከፋ ነበር። «ቢያንስ አንተ አልዋሸህም» አለችው። ከዚያም ሰልሚትን «ከተማሽ ውስጥ ሕፃናት አሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ብዙ።»

አሮጊቷ ተነሥታ መዳፏን በግንዱ ላይ አኖረች፤ በማያውቁት ቋንቋም ዜማ አወጣች። ነፋስ ሳይኖር የዛፉ ቅጠል በሙሉ በአንድ ጊዜ ረገፈ። «ትንፋሹን ሰጥቷል» አለች። «ስሚኝ ልጄ። ዳገት ላይ ያደገ ገርሙድ ቁጣውን በሆዱ ይይዛል። አንድ ክረምት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ካልበረደ፣ መጋዝ ሲከፍተው ይፈነዳል።»

«አንድ ክረምት የለንም።»

«እንግዲያው በሰንሰለት እሰሩት። እንደዚያም ሆኖ ማንም ከሥሩ ባይቆም ይሻላል።»

ለመቁረጥ ዘጠኝ ቀን፣ ወንዝ ዳር ለማድረስ አሥር ቀን ፈጀ። ወታደሮቹ ደስ ብሏቸው ግንዱን ወደ ወንዙ ሊያንከባልሉት ሲሉ ሰልሚት እጆቿን ዘርግታ ፊታቸው ቆመች። «ከገባ አይወጣም! ይሰጥማል አላልኩም?» ከቀላል እንጨት አሥራ ሁለት ግንድ አስቆርጣ በግራና በቀኝ አሠረችበት፤ ያም ሆኖ ገርሙዱ ጀርባው ብቻ እየታየ ሃያ ሦስት ቀን ተንሳፈፈ። ኤልሞር ሲደርሱ ከሰባው ቀን አሥራ ሁለቱ ቀርተው ነበር።

ግንዱን በመጋዝ ጉድጓድ ላይ አጋድመው በሦስት ቦታ በሰንሰለት ጠፈሩት። እንዲህ ያለ ግንድ የሚሰነጠቀው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከላይ ቆሞ መስመሩን ይጠብቃል፣ ሌላው ጉድጓድ ገብቶ መጋዙን ወደ ታች ይስባል።

«ከሥር እኔ እገባለሁ» አለች ሰልሚት።

«አይሆንም» አለ ኤዛር። «መስመር የሚጠብቅ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ። እኔ ከላይ ከቆምኩ አግዳሚው ጠምሞ ይወጣል፤ ቀልድ አይደለም።» አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ወረደ።

አምስት ቀን ሰነጠቁ። ቢጫው ብናኝ ኤዛርን ከራስ እስከ እግሩ አለበሰው፤ እየሳለም ከታች ያንጎራጉር ነበር። በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከእንጨቱ ሆድ አንድ ድምፅ ወጣ። ሰልሚት «ውጣ!» ብላ ጮኸች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ የመካከሉ ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ገርሙዱም እንደ መብረቅ ተከፈተ። እሷን ወደ ላይ ወርውሮ መሬት ላይ ጣላት። ቀና ስትል ጉድጓዱ በተሰነጠረ እንጨት ተሞልቷል፤ ከታች የሚሰማ እንጉርጉሮም የለም።

ወንድሟን ለማውጣት እስከ ማታ ድረስ ሠሩ። ከግንዱ ሳይሰነጠቅ የተረፈውን ረጅሙን ክፍል ለኩት፤ ስምንት ክንድ ነበር።

በማግሥቱ ከቀብር ሲመለሱ ሄርጻን መንገድ ላይ ቆመ። «ሰልሚት፣ አሥራ ሦስት ክንድ ገርሙድ አለ» አላት። «በንጉሡ የግብር አዳራሽ ጣሪያ ሥር ተጋድሟል። ለዓይን እንዲያምር በወርቅ ስለተለበጠ ማንም አያውቀውም። በወጣትነቴ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

ሰልሚት የሰማችውን ማመን አቃታት። «ንጉሡ ያውቃሉ?»

«ጉባኤው ሳይጠራ ለብቻቸው ነግሬያቸው ነበር። "የአባቶቼን አዳራሽ አላፈርስም፤ ከተናገርክ ልጆችህን ትቀብራለህ" አሉኝ።»

«አንተም ዝም አልክ?»

«ፈራሁ።»

ከኋላቸው ይሄድ የነበረው ቶርማድ ሁሉንም ሰምቷል። ዞሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደ።

ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር ምሳ ላይ ነበሩ። ቶርማድ ከሃያ ሰባት ወታደሮቹ ጋር ገመድና መሰላል ይዞ ገባና ሰላምታ ሰጠ። «ንጉሥ ሆይ፣ ቢነሡ ይሻላል፤ ጣሪያው ሊወርድ ነው።»

«አንተ ለእኔ ምለሃል!» አሉ አዝማሬድ፣ ከመቀመጫቸው ሳይንቀሳቀሱ። «ይህን ያደረገ አንገቱን ይሰጣል!»

«አውቃለሁ፣ ንጉሥ ሆይ። እስከ ሰባኛው ቀን ድረስ ግን አንገቴ ያስፈልገኛል።»

አዳራሹን አፈረሱት። ሃያ ሰው አግዳሚውን በትከሻው ተሸክሞ በከተማዋ መካከል ወረደ፤ ወርቁ እየተላጠ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር፤ የሚያነሣውም አልነበረም። ሰልሚት ትርፉን አንድ ክንድ ቆረጠች፤ ጫፎቹን ጠርባ፣ ከአሮጌው አግዳሚ በከተማው በኩል፣ ከግንቡ የድንጋይ ጉድጓዶች ጋር አገጣጠመች። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሰረሰረች። ምስማር አልተጠቀመችም፤ ወንድሟን ከገደለው ግንድ ችንካር ጠርባ መታችበት። ሳትተኛ ሠራች።

በሰባኛው ቀን ጠዋት ሐይቁ ፈላ። የሉሃም ቀንድ ከውሃው ላይ እንደ ግንብ ጫፍ ብቅ አለ፤ ሕዝቡም በጣሪያ ላይ ቆሞ አየው። ዘንዶው በመጀመሪያ ሲገጭ አሮጌው አግዳሚ ተሰባበረ። በሁለተኛው ግጭት ከግንቡ ድንጋይ ረገፈ። ሰልሚት መዳፏን በአዲሱ አግዳሚ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ሦስተኛውን ግጭት በክንዷ አጥንት ውስጥ ሰማችው። እንጨቱ ጮኸ፤ ግን አልተበገረም። ከበሩ ጀርባ ቀንዱ ከሥሩ ተሰበረ፤ የሶርቅ ሐይቅም በጥቁር ደም ተበከለ። ሉሃም ወደ ጥልቁ ሰጥሞ ዳግመኛ አልታየም።

ኤልሞር በእልልታ ተናወጠች። በዚያው እልልታ መካከል ቶርማድ ሰይፉን ፈቶ ለያዦቹ አስረከበ። «ሰዎቼ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት» አለ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም። በሦስተኛው ቀን በአደባባይ አንገቱ ተቀላ።

በአራተኛው ቀን አዋጅ ነጋሪው ከበሮ መትቶ አነበበ። «ንጉሥ አዝማሬድ ለሕዝባቸው ካላቸው ፍቅር የተነሣ የአባቶቻቸውን አዳራሽ አፍርሰው ለበሩ ለገሱ! ስሙ!»

«ሐሰት ነው!» አለች ሰልሚት በሕዝቡ መካከል። «የወሰደው ሻለቃ ቶርማድ ነው! ንጉሡ ከልክለው ነበር!» ዙሪያዋን የቆሙት ሰዎች ሁሉ ሰሟት፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ተበታተኑ። እሷን ማንም አልነካትም። ገርሙድን የሚያውቅ ሌላ ጠራቢ ስላልነበረ ንጉሡ በሩን እንድትጠብቅ አዘዙ፤ ከከተማዋም እንዳትወጣ ከለከሉ።

ሄርጻን በዚያው ዓመት በደረቱ ሕመም ሞተ። ከመሞቱ በፊት ይቅርታ ለመናት። ሰልሚት እጁን ይዛ «እሺ አባባ» አለችው፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት በምርኩዝ ወደ በሩ ወረደች። ከሩቅ አገር መጥታ ለሦስት ቀን ሰው ስትጠይቅ ከርማለች፤ ሁሉም አላውቅም ብሏት ነበር።

«የቶርማድ እናት ነኝ» አለች። «ያመጣው እንጨት የትኛው ነው?»

ሰልሚት ክንዷን ይዛ እርጥቡን ደረጃ አወረደቻት። አሮጊቷ አግዳሚውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ከባድ ነበር?»

«ለሃያ ሰው ከባድ ነበር፣ እማማ።»

«እሱ በየት በኩል ነበር የያዘው?»

ሰልሚት ለማስታወስ ሞከረች። ያን ቀን ከበሩ ሥር ጉድጓድ እያጸዳች ስለነበር ተሸካሚዎቹን አላየችም። የአሮጊቷን እጅ ቀስ አድርጋ ወደ አግዳሚው ጫፍ ወሰደችውና እዚያ አኖረችው።

«በዚህ በኩል» አለቻት። «ከፊት ነበር።»