ኮርኒሱ ውስጥ የቀሩት

«ሁሉም ወጥተዋል አይደል?» አለ ጌቾ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ።

ጌቾ ግንበኛ ነው። በሰፈሩ ግድግዳ ሲሰነጠቅም ሆነ አጥር ሲዘም የሚጠራው እሱ ነው። ጥያቄውን ሲሰሙ የቤቱ አባወራ አብዱልቃኒ፣ ባለቤታቸው ፋኢዛና የስድስት ዓመቱ ልጃቸው ፈሐድ እኩል ወደ ታላቋ ልጅ ወደ ሳጂዳ ዞሩ። ግንበኛ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አፍ የሚጠብቅበት ቀን ብዙ አይደለም።

«ወጥተዋል» አለች ሳጂዳ አፏን ሞልታ። «ትናንት ማታ መግሪብ ላይ የሌሊት ወፎቹን ስቆጥር አርባ ሦስት ናቸው። ተመልሶ የገባ የለም።»

«እኔም ምስክር ነኝ» አሉ አባቷ። «ዛሬ ንጋት ለሱብሒ ሶላት ስወጣ ቀዳዳው ላይ የሰቀለችው አጎበር ላይ ተለጥፈው ሲፍጨረጨሩ አይቻለሁ። መግቢያው ጠፍቷቸዋል። ልጄ አርባ ሦስት እንግዳ ያለ ዱላ ሸኘች።»

ሳጂዳ ልቧ ጮቤ ረገጠ። አባቷ ለምስጋና የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም፤ ሱቃቸው ውስጥ የሚሸጡትን ጨርቅ እንኳ «ደህና ነው» ከማለት አያልፉም።

ጌቾ ትንንሾቹን ስንጥቆች ደፈነ። ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ትልቁን ቀዳዳ ግን ሲሚንቶ ስላለቀበት ለነገ አቆየው። አጎበሩ እንደተሰቀለ፣ መሰላሉም እንደቆመ ትቶ እጁን ታጠበ።

«ነገ ማልጄ እመጣለሁ» አለ። «አንዴ ከደፈንኩት እንኳን የሌሊት ወፍ፣ ንፋስም አይገባው።»

የሌሊት ወፎቹ በዚያ ትርፍ ክፍል ኮርኒስ ውስጥ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ኖራ የተቀባ ነው። አሁን ግን ነጭ ነበር ቢባል የሚያምን የለም፤ እዚህም እዚያም ቡናማ እድፍ ወርዶበታል። በሩ ሲከፈት ሽታው ሰውን ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ክፍሉ ባዶውን ተቀምጦ ሳጂዳ ሳሎን ውስጥ ከፈሐድና ከአራት ዓመቷ ነፊሳ ጋር በአንድ ፍራሽ ትተኛለች። ፈሐድ ይራገጣል፣ ነፊሳ ትቃዣለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሳጂዳ ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚዘጋ በር።

በር የተመኘው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ከሱቃቸው አጠገብ ጀሪካንና ሳፋ የሚሸጠው ሙራድ፣ ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ስጡኝ እያለ ሲወተውት ከርሟል። ስለ ሽታው ሲነግሩት «ጀሪካን አፍንጫ የለውም» ይላል። በመጨረሻ አባቷ ነገሩን ቆረጡት። «እስከ ቅዳሜ ካስወጣሻቸው ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ለሙራድ ነው፤ እሱ ከገባ ደግሞ እስከ መስከረም ውጣ አልለውም።»

እሳቸው በርበሬ እናጥናቸው ባይ ነበሩ። ሳጂዳ ግን ጭሱ ኮርኒሱ ውስጥ ገድሎ ያስቀራቸዋል ብላ ስለሰጋች የሳይንስ መምህሯን ሕሊናን ጠየቀች።

«አጎበር አላችሁ?» አለቻት መምህርት ሕሊና። «ቀዳዳውን ሸፍነሽ ከላይና ከግራ ከቀኝ በሚስማር ምቺው፤ ታቹን ልቅ አድርጊው። ሲወጡ እየዳሁ በታች ይወርዳሉ። ሲመለሱ ግን የሚሄዱት በለመዱት ቀዳዳ ነው፤ ከታች ዞሮ መግባት አይሆንላቸውም። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጪ ይደፈናል።»

ሳጂዳ አመስግና ልትሮጥ ስትል መምህሯ መልሳ ጠራቻት።

«አንድ ነገር እንዳትረሺ። የሌሊት ወፍ እንቁላል አትጥልም፤ ወልዳ ታጠባለች። ጊዜው ደግሞ ግንቦት ነው። አጎበሩን ከመስቀልሽ በፊት ልጆች አለመኖራቸውን እዪ። ካሉ፣ መብረር እስኪችሉ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ታገሺ።»

ሳጂዳ የመጀመሪያውን ግማሽ ለቤተሰቡ በእጇ እያሳየች አስረዳች። ሁለተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ሐምሌ መጨረሻ ማለት ፈተናው አልፎ፣ ሙራድ ጀሪካኑን እስከ ጣሪያ ቆልሎ ማለት ነው። ደግሞስ ልጆች መኖራቸውን ማን አየ? ቀና ብላ ስላላየች፣ አላየሁም ማለት ትችላለች።

ጌቾ ከሄደ በኋላ ክፍሉን ጠረገች፤ መስኮቱን ከፈተች። ጠረጴዛና ወንበር አስገብታ ደብተሮቿን ደረደረች። በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። ከዚያ ተቀምጣ የሒሳብ መጽሐፏን ገለጠች።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ከላይ አንድ ድምፅ ሰማች። ቀጭን ነው፤ ጥፍር ሳሕን ላይ ሲጫር ይመስላል። ዝም አለ። ከዚያ ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ቦታ መጣ።

ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ወጣች። በእናቷ ስልክ መብራት፣ ስፌቱ በተተረተረበት በኩል ወደ ውስጥ አየች። ልጆቹ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ተቃቅፈው ተንጠልጥለዋል። ገና ጠጉር አላበቀሉም፤ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጡም። መብራቱ ሲያርፍባቸው አፋቸውን ከፈቱ። አንዷ ወድቃ ጆንያው ላይ ተጋድማለች፤ አትንቀሳቀስም። ሳጂዳ ሌሎቹን እስከ አሥራ ሰባት ቆጠረችና ተወችው።

ደነገጠች። ከድንጋጤው ቀጥሎ የመጣባት ግን ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ምን አለ ነገ ብሰማው ኖሮ፣ አለች በሆዷ፣ ጌቾ ጨርሶ ከሄደ በኋላ።

ይመኙሻል ስትገባ ሳጂዳ ገና ከወንበሩ አልወረደችም። ይመኙሻል ጎረቤቷ ናት፤ ትምህርት ቤትም በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ለአዲሱ ክፍል ከእናቷ የለመነችውን ባለ አበባ መጋረጃ በብብቷ ይዛለች።

«ባለ ክፍሏ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ፊቷን አየች። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ይመኙሻል አዳመጠች። «አይጥ ነው?»

«ልጆቻቸው ናቸው። እናቶቹን ነው ውጭ ያስቀረሁት።» አባቷ ለሱብሒ ሲወጡ ያዩት ነገር ትዝ አላት። ጠዋት ሲያወሩት ስቃ ነበር። ለካ ሲፍጨረጨሩ የነበሩት ቤት ስለጠፋቸው ብቻ አይደለም።

«በቃ ዝም በይ» አለች ይመኙሻል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ጌቾ ይደፍነዋል። ቢበዛ ሁለት ቀን ቢጮኹ ነው።»

«እኔ እኮ ከሥራቸው ነው የምተኛው።»

«ሁለቱን ቀን ሳሎን ተኚያ። አታካብጂ እንግዲህ፣ የሌሊት ወፍ እኮ ነው። ድመት አይደለም።»

«ድመት ቢሆንስ?»

ይመኙሻል ቤት ድመት አለች፤ ባለፈው ወር ወልዳለች። «እሱማ…» አለች። መጋረጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ፈተናውስ? ሙራድ ከገባ አለቀ እኮ። በኋላ እንዳትቆጪ።»

«እቆጫለሁ» አለች ሳጂዳ። እውነቷን ነው። ከአሁኑ ቆጭቷታል።

ይመኙሻል ከሄደች በኋላ ሳጂዳ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ለአባቷ ብትነግር «ነገ እናየዋለን» ማለታቸው አይቀርም። ነገ ደግሞ ጌቾ ማልዶ ነው የሚመጣው። ላይ ያሉት ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠቡም። አዛን ሲሰማ አባቷ ወደ መስጊድ ወጡ፤ እሷም ፒንሳውን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ሲመሽ ምን ልትሠሪ ነው እዚያ ላይ?» አለች እናቷ ከበራፉ።

«አጎበሩን ልነቅል ነው። ውስጥ ልጆቻቸው ቀርተዋል፣ እማ።»

ፋኢዛ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጥታ ቀና ብላ አየች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች። አላወረደቻትም። ደግሞም አላገዘቻትም፤ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ሚስማሮቹን ያጠበቀቻቸው ራሷ ናት፤ አሁን አልነቀል አሏት። አራተኛው ላይ እጇ ተላጠ። አጎበሩ በአንድ በኩል ሲወርድ መጀመሪያ አንዷ የሌሊት ወፍ መጣች። ቀዳዳው አጠገብ ዞረች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ከዚያ ገባች። ሌሎቹ ሳጂዳን ፈርተው ነው መሰል ራቅ ብለው ይዞሩ ነበር። ሳጂዳ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሳትነቃነቅ ቆየች። አንድ ሁለቱ በጆሮዋ አጠገብ አለፉ።

አባቷ ከመስጊድ ሲመለሱ ልጃቸው መሰላል ላይ፣ አጎበሩም መሬት ላይ ነበር።

«ምንድነው ይሄ?»

«አባ፣ ልጆች አሏቸው። ኮርኒሱ ውስጥ ናቸው፤ አይቻቸዋለሁ። ነገ ከተደፈነ እዚያው ያልቃሉ። መብረር የሚችሉት ሐምሌ መጨረሻ ነው።»

አብዱልቃኒ ቀና ብለው ቀዳዳውን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «ያቺ መምህርሽ ይህን ሳታውቀው ቀርታ ነው?»

እነሆ መውጫ ተገኘ። «አልነገረችኝም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ አባቷ ትምህርት ቤት ሄደው አይጠይቁ። ሳጂዳ ፒንሳውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ነግራኛለች። መጀመሪያ እዪ፣ ካሉ ታገሺ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኋችሁ።»

«ለምን?»

«ክፍሉን ስለፈለግሁት።»

አባቷ አጎበሩን በእግራቸው ወደ ጎን ገፉት። «ጌቾን ሲመጣ ምን እንደምትይው አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። «ሙራድም ቅዳሜ ይገባል። የተናገርሁትን አላጥፍም።»

«አያጥፉም፤ አውቃለሁ» አለች ሳጂዳ። «ብቻ ሁለት ሚስማር ቀርቶኛል።»

መሰላሉ ያረጀ ነበርና ይነቃነቃል። አባቷ መጥተው እግሩን በሁለት እጃቸው ያዙላት።

ጌቾ በማግስቱ የተነገረውን ሰምቶ ሳቀ፤ ቀጥሎም መሰላሉን በነሐሴ መልሶ እንደሚያመጣ ነግሯት ተሸክሞት ሄደ። ቅዳሜ ሙራድ በጋሪ ጀሪካን አስጫነና መጣ። ሳጂዳ ጠረጴዛዋን አወጣች። የሌሊት ወፎቹ ባሉበት ማዕዘን በኩል እስከ ኮርኒሱ እንዳይቆልል ለመነችው። «ለምን?» ቢላት፣ «ሰው አለ ብለው ያስቡት፣ ጋሼ» አለችው። ሙራድ ትከሻውን ነቀነቀና በሌላው በኩል ቆለለ። አጎበሩን አጥባ አጣጠፈችና ከይመኙሻል መጋረጃ ጋር ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።

የዚያን ዕለት ማታ ፍራሹ ላይ በነፊሳና በፈሐድ መካከል ተጋደመች። የሒሳብ መጽሐፏ ደረቷ ላይ ተከፍቷል።

«የራሴ ክፍል አለኝ ስትዪ አልነበረም እንዴ?» አላት ፈሐድ።

«አለኝ» አለች ሳጂዳ። «ለጊዜው ልጅ ያላቸው ገብተውበት ነው።»

ፈሐድ ትንሽ አሰበና እግሩን ሰብሰብ አደረገላት።