የማዳም ማስቀመጫዎች

ልሳነወርቅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ነጭ የጥጥ ጓንቱን ያጠልቅና ለስላሳ ብሩሹን ይዞ በሳሎኑ የምዕራብ ግድግዳ ላይ በተደረደሩት የጀርመን የአበባ ማስቀመጫዎች ፊት ይቆማል። ሠላሳ አንድ ናቸው። ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓመታት ባቫሪያ ውስጥ የተሠሩ የፖርሴሊን ዕቃዎች ሲሆኑ፣ አንዷ እንደ ተጣጠፈ ወረቀት ስለታም እጥፋቶች አሏት፣ ሌላዋ ወንዝ እንዳለሰለሰው ድንጋይ ድቡልቡል ናት፣ ሌላዋ ደግሞ ከአንገቷ እስከ መቀመጫዋ በቀጭን መስመሮች ተሸንትራለች። አብዛኞቹ መስተዋት የመሰለው ልባጥ ያልተቀባባቸው፣ ብርሃን የማይመልሱ፣ ድፍን ነጭ ናቸው። እንዲህ ያለው ፖርሴሊን የጣት ቅባት ስለሚጠጣ በባዶ እጅ አይነካም፤ አንድ ጊዜ ያረፈበትን አሻራ ሳሙናም አያስለቅቀውም። ልሳነወርቅ በወጣትነቱ ሥነ ሕንፃ ሊማር ጀርመን በሄደ ጊዜ በአከራዩ መስኮት ላይ ያያት አንዲት ነጭ ማስቀመጫ ልቡን ይዛው ቀረች። አሁን ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ከማስተማር ሥራው በጡረታ ተገልሏል፣ ሚስቱን ከቀበረም ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ኮተቤ ያለውን ጸጥ ያለ ቤቱን የምትጎበኘው ሰው ብትኖር እሑድ እሑድ የምትመጣው አንዲት ልጁ ትርሲት ናት።

«አበባ የሌለበት የአበባ ማስቀመጫ!» ትለዋለች ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች። «ምናለ አንድ ጽጌረዳ እንኳን ብትፈቅድላቸው?»

«ውኃ ያበላሻቸዋል።»

«እኔን በሕይወትህ አንድ ቀን እንዲህ በብሩሽ ጠርገኸኝ ታውቃለህ፣ አባባ?»

«አንቺ አቧራ መቼ ያዘሽና?» ይላታል፤ እርሷም ትስቃለች፣ እርሱም ሳይዞር ሥራውን ይቀጥላል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ጉለሌ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ያሠራው የድሮ ቪላ በቅርስነት ይመዘገብ እንደሆነ እንዲያጠና ተጠራ። ቪላው ጣራው አፍስሶ፣ ወለሉ ተነቅሎ ነበር፤ በጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን ተጠርጎና ተወልውሎ፣ በውስጡ እትዬ አልጣሽ የሚባሉ አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩበታል። የመሐንዲሱ ሚስት የቤት ሠራተኛ የነበሩ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልሳነወርቅ ከበሩ ዝቅ ብሎ ሲገባ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ሣጥን ላይ፣ በካታሎግ ሥዕል ካልሆነ በቀር አይቷቸው የማያውቃቸው፣ የአንድ እጅ ሥራ የሆኑ ዘጠኝ ነጭ ማስቀመጫዎች ቆመው አገኘ።

«ምን አየህና ትንፋሽህ ቀጥ አለ?» አሉት እትዬ አልጣሽ ሳቅ ብለው።

«ማስቀመጫዎቹን፣ እትዬ። የማን ናቸው?»

«የማዳም። ስትሄድ ለአንድ ወር ነው ያለችኝ። አደራ አልጣሽ አለች፤ እሺ አልኩ። ይኸው አርባ ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«ባይመለሱስ?»

«አስረክቤ እገላገላለሁ፤ ከዚያ በፊት ሞትም አይወስደኝ። ሌላ ምን ቀረኝ ብለህ ነው?»

ቢሸጡለት ምን ያህል ደስ እንደሚለው በትሕትና ገለጸላቸው። «የሰው አደራ ይሸጣል?» አሉ። «አንተ ደግሞ! የተማርክ መስለኸኝ።» ከዚያም ከባዶ ወንበር በቀር ምንም ወደሌለበት ጥግ ፊታቸውን አዙረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ ማዳም፣ ዝም እላለሁ» አሉ። ልሳነወርቅ የእርጅና ነገር ነው ብሎ አለፈው።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። ለሴትዮዋ አላዘነላቸውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሐዘኑን በለመደው ሥርዓት እያገላበጠ ሲመረምረው፣ ለማታይ ሴት ነጭነት ምን ያደርግላታል ወደሚል ጥያቄ ወሰደው፤ ጥያቄውም እንደ መልስ ሆኖ አገለገለው። ለአርባ ዓመት ተማሪዎቹን በጄሶ የሕንፃ አምሳል መቅረጽ ሲያስተምር ኖሯል። ስለዚህ አንዷን ማስቀመጫ ወስዶ በልዩ ሳሙና አጥቦ ሊመልስላቸው ጠየቀ፤ ሐሳቡ ግን ቤቱ አምጥቶ ቅርጿን በጄሶ ቀድቶ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቅጂውን ሊመልስላቸው ነበር።

እትዬ አልጣሽ ብዙ አልተከራከሩም። ከዘጠኙ ወገበ ቀጭኗን አንሥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

«አደራ፣ መምህር።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሺ አይበቃም። ተቀብያለሁ በል።»

«ተቀብያለሁ» አለ። ስለማያዩት ፈገግታውን ለመደበቅ አልደከመም።

በሳምንቱ የጄሶዋን ሲመልስላቸው ጣቶቻቸውን ከአፏ እስከ መቀመጫዋ ቀስ ብለው አወረዱባት። «ቀለለች» አሉ። «እድፉ ወርዶላት ነዋ!» ሲላቸው ከት ብለው ሳቁ፤ እርሱም አብሯቸው ሳቀ። ለሁለተኛይቱ ቅጂ ግን ከሥሯ አሸዋ ጨመረባት።

ከመጀመሪያዪቱ ማስቀመጫ ጋር ወደ ቤቱ የገባው ነገር በጣም ትንሽ ስለነበር፣ ልሳነወርቅ ለብዙ ቀን እንደ ዕድል ቆጠረው። ከጎረቤት የሚሠራው ፎቅ የሲሚንቶ ብናኝ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሠላሳ አንዱን በአንድ ቀን ሲያለብሳቸው፣ ወገበ ቀጭኗ ብቻ ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆና ትውላለች፤ በቆመችበት እንጨት ዙሪያም፣ አንድ ሰው በጨርቅ ጠርዝ ያበሰው የሚመስል ክብ ይታያል። ሁለተኛይቱ ስትመጣ ክቡ ሁለት ሆነ። ሦስተኛይቱ በመጣች ማግስት ልሳነወርቅ ከገበያ ተመልሶ ቁልፉን በር ላይ ሲያዞር፣ ከሳሎኑ ውስጥ ደረቅ ጨርቅ ሸካራ ፖርሴሊን ላይ ሲታሽ የሚያወጣውን፣ ሹክሹክታ የሚመስለውን፣ ዝግ ያለና ያልተቻኮለ ድምፅ ሰማ፤ በሩን ሲከፍተው ድምፁ አልተቋረጠም፣ የያዘውን ሥራ እስኪጨርስ ድረስ ሦስት ጊዜ ዞሮ በራሱ ጊዜ አበቃ። ሰዓቱ አሥር ነበር። ክፍሉ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሞልቶ ማንም አልነበረም፤ ከቁም ሣጥን ለብዙ ዘመን ያልወጣ ልብስ የሚሸተውን የናፍታሌን ሽታና ከሥሩ የጠወለገ የኮሎኝ ሽቶ መዓዛ ግን አገኘ።

የተማረ ሰው ነበርና ምክንያት ፈለገ። ጆሮው እንደ ደከመ፣ ሽታውም ዕቃዎቹ ለአርባ ስድስት ዓመት የጠጡት የጉለሌው ቤት ሽታ እንደ ሆነ ለራሱ አስረዳ። አራተኛይቱን አመጣ፤ አምስተኛይቱንም። ስድስተኛይቱ ከገባች በኋላ ብሩሹን ማንሣት አላስፈለገውም፣ አርባ ሊሞሉ የተቃረቡት በሙሉ ተወልውለው ይጠብቁታልና። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በወንበሩ ላይ እንዳሸለበ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ በግንባሩ ላይ አለፈ፤ ከዚያ ከጆሮው ጀርባ፣ ከዚያ በአገጩ ሥር ባለው እጥፋት ውስጥ፣ በፍቅርም በጥላቻም ሳይሆን፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ በሚወለወልበት ትጋት ገባ። ልሳነወርቅ ዓይኑን አልገለጠም። የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ሦስቱ እስኪመጡ ድረስ ነው፣ እያለ በልቡ ቆጠረ።

በጉለሌው ክፍል ደግሞ የተገላቢጦሽ ለውጥ ነበር። እትዬ አልጣሽ ወደ ጥጉ ዞረው የሚናገሩት እየቀነሰ ሄደ፤ ጉንጫቸው ሞላ። ዘጠነኛይቱን፣ አንገተ ረጅሟን፣ ሊወስድ በሄደበት ቅዳሜ ዳቦ እየበሉ አገኛቸው፤ ባዶው ወንበር ከጥጉ ተነሥቶ በር ላይ ተቀምጧል፣ ለእንግዳ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ከዚች በኋላ ቤቱ ሊሰፋልኝ ነው» አሉት።

«አንዲት ማስቀመጫ ስትነሣ?»

«ምን ታውቃለህ አንተ!» አሉና ፍርፋሪውን ከጭናቸው አራግፈው፣ አንገተ ረጅሟን አቀበሉት። «አደራ።»

«ተቀብያለሁ» አለ፤ እንዲል አልጠየቁትም፣ ልማድ ሆኖበት ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ዘጠኙም በተርታ ቆመው፣ ካታሎጉ ላይ ካያቸው ይልቅ ተውበው ነበር፤ ትርሲት እንኳ ቀረብ ብላ አየቻቸው። «እነዚህ ያስፈራሉ» አለች፤ «ያዩሃል እኮ።» ምሳ በልተው፣ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አነጋገር እየቀዳች ስታስቀው ከቆየች በኋላ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ እንቅልፍ ወሰዳት። ልሳነወርቅ ከፊት ለፊቷ መጽሐፍ ይዞ ተቀመጠ። አሥር ሰዓት ላይ የጨርቁ ድምፅ ተሰማ፤ ነገር ግን እንደ ወትሮው ከመደርደሪያው በኩል አልነበረም።

የትርሲት ጉንጭ ከጆሮዋ እስከ አገጯ ድረስ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲጎደጉድና ተመልሶ ሲሞላ አየ። ፀጉሯ ከማጅራቷ ተነሥቶ በአየር ላይ ቆየ፤ ማጅራቷ ታበሰ፤ ፀጉሯ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ፣ እርሱ ራሱ አዲስ ማስቀመጫ ባገኘ ቁጥር ከሥሯ የፋብሪካውን ማኅተም ለማየት እንደሚያደርገው፣ የግራ እግሯ ከሶፋው ተነሣ፣ ውስጥ እግሯም በመስኮቱ ብርሃን በኩል ዞረ፤ ለረጅም ጊዜ እዚያው ተይዞ ቆየ። ልሳነወርቅ ከወንበሩ ተነሣ። እግሯ በጥንቃቄ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በቦታው ተቀመጠ። ትርሲት ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣ ሁለት እጆች ትከሻዋን ይዘው እንዳስተካከሏት ሁሉ፣ ፊቷ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ስትነቃ ወደ ቤቷ እንድትሄድና ለጊዜው እንዳትመጣ ነገራት። «ምን አጠፋሁ ደግሞ?» አለችው፤ ግንባሩን ስማው ሄደች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኙን በጋዜጣ ጠቅልሎ በካርቶን ከተተና አሮጌ ቮልሱን አስነሥቶ ወደ ጉለሌ ነዳ። ካርቶኑ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ሆኖ የናፍታሌንና የኮሎኝ ሽታ መኪናውን ሞላው፤ መስኮቱን ቢያወርደውም ሽታው አልወጣም። ወደ ቪላው በሚያስገባው የኮብልስቶን ዳገት ላይ መንኰራኩሩ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲወጣ፣ ከጋዜጦቹ ውስጥ አንዲት አጭር፣ ጥርት ያለች ድምፅ ተሰማች። አልቆመም። ወደ ካርቶኑም አላየም።

እትዬ አልጣሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እትዬ፣ ዕቃዎን አምጥቻለሁ» አለ ከፊታቸው ተንበርክኮ። «እውነተኞቹን። አታልዬዎታለሁ፣ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ።»

«የመጀመሪያዋን የመለስክ ዕለት ነው ያወቅሁት» አሉ ሳይቆጡ። «አርባ ስድስት ዓመት የወለወልኩትን ዕቃ በእጄ የማልለይ መሰለህ? ጄሶ እኮ እጅ ላይ ይቀራል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አደራዬን የሚወስድልኝ ሰው ስጠብቅ ነበራ። በግድ አይሰጥም፤ ሰው በፈቃዱ ተቀብያለሁ ማለት አለበት። እሷም ሰምታለች።»

«መልሰው ይውሰዷቸው!» ብሎ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ ገፋው። በጋዜጦቹ ውስጥ ስባሪ ከስባሪ ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

እትዬ አልጣሽ እጃቸውን እሳት እንደ ነካው ሰው ከካርቶኑ ላይ አነሡ። ከግቢው ባሕር ዛፎች በስተጀርባ አንድ መኪና ዳገቱን እየጮኸ ወጥቶ አለፈ።

«አሥራ ሁለት ነበሩ» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ ስትሰጠኝ አሥራ ሁለት ነበሩ። አንዱ ሲሰበር በዚያው ቀን ትልቁ ልጄ ሞተ። ሁለተኛው ሲሰበር ባሌ። ሦስተኛው ትንሹ ልጄ።»

ልሳነወርቅ ሰዓቱን አየ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ስልኩን አውጥቶ የትርሲትን ቁጥር ደወለ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሣም።

«ስንት ልጆች አሉህ፣ መምህር?»

«አንዲት ናት» አለ፤ «ከእርሷ ሌላ ማንም የለኝም።»

እትዬ አልጣሽ እፎይ ብለው ተነፈሱ፤ በዳሰሳ እጁን ፈልገው ያዙትና፣ እናት የፈራ ልጇን እንደምታባብል መታ መታ እያደረጉ፣ «እንግዲያው አንተስ ከኔ ትሻላለህ፤ የቀሩት ስምንቱ ቢሰበሩም ባይሰበሩም ከነገ ጀምሮ ምንም አያስፈራህም» አሉት።