ማንም ያልረገጠው ፍሬን

ዛር ነው፣ መንፈስ ነው፣ ሌሊት ከገደል አፋፍ የሚታይ ብርሃን ነው እየተባለ በሠፈራችን ሲወራ እኔ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፣ «ማን አየው? የት ቆሞ አየው?» እላለሁ፣ ተናጋሪውም አክስቱ እንደ ነገረችው፣ አክስቱም ከጎረቤት እንደ ሰማች ይገልጽልኛል፣ እኔም ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ለሌላ ሰው እተዋለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት የመንግሥት ሥራ የቀረጸኝ እንዲህ አድርጎ ነው፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። እንግዲህ ወዳጄ፣ ዛሬ የማጫውትህን በዐይኔ አይቻለሁ፣ የቆምሁትም ከጎማው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፣ ፀሐይም ገና አልጠለቀችም ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዘዞ ባለው አውሮፕላን ማረፊያችን የሜዳ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። መንደርደሪያው ላይ ውሃ ተኝቶ እንደሆነ፣ ጠጠር ወድቆ እንደሆነ፣ አጥር ጥሶ የገባ ከብት ቢኖር ተመልክቼ «ንጹሕ ነው» ስል አውሮፕላኑ ያርፋል፣ ሳልል ያንዣብባል፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ክብር አልነበረም። ሰው አውሮፕላንን ሲያደንቅ ክንፉንና ሞተሩን ነው የሚያደንቅ፣ እኔ ግን ቆሜ ሳየው የኖርሁት ማረፉን ስለሆነ የማደንቀው ፍሬኑን ነው። አስበው እስቲ፣ ያለነው ደጋ ላይ ነው፣ አየራችን ስስ ነው፣ ስለዚህም አውሮፕላን እኛ ዘንድ ሲያርፍ ቆላ ላይ ከሚያርፈው በበለጠ ፍጥነት ነው መሬት የሚነካው፣ ያን ሁሉ ሩጫ ደግሞ በጎማው ውስጥ እንደ ሳህን የተነባበሩ ጥቋቁር የካርቦን ክቦች እርስ በርስ ተጫጭነው ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ተሳፋሪው ቦርሳውን ለማውረድ ሲጋፋ እነሱ ከሥር እንደ ምድጃ ግለዋል፣ አንድም ሰው አመስግኗቸው አያውቅም።

ስለ እነዚህ ነገሮች ያስተማረችኝ ሰናይት ናት። ሰናይት ከአውሮፕላኑ ጋር እየበረረች የምትመጣ የጥገና ባለሙያ ናት፣ የሳንጃ ልጅ ናት፣ እጇም ምላሷም ፈጣን ነው። ከፍሬኑ ጎን ከትንሽ ጣት የምትቀጥን የብረት ዘንግ ብቅ ብላ ትታያለች፣ ፒን ይሏታል። ካርቦኑ እየተበላ በሄደ ቁጥር ፒኗ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፣ ከመቀመጫዋ ጋር እኩል የሆነች ዕለት ፍሬኑ አልቋል ማለት ነው። በአዲሶቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ይህንኑ የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደ ቀረው ራሱ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ እኛ ጋ ለሚመጡት ግን ነጋሪዋ ያቺው ፒን ነበረች። አንድ ጥብቅ ሕግም አላት፣ የምትነበበው ፍሬኑ ተይዞ ሳለ ብቻ ነው። ፍሬኑ ከተለቀቀ ክቦቹ ስለሚላቀቁ ፒኗ ረዝማ ትወጣለች፣ ያለቀውንም ፍሬን ገና ብዙ የሚቀረው ታስመስለዋለች። ይህቺን ነገር ልብ በልልኝ፣ ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ባለቤቴ የሺ የልቧ በር በደንብ አልዘጋ ብሎ ደረጃ መውጣት ካቃታት ቆይታለች፣ ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ሊያዩዋት ቀጠሮ ሰጥተዋታል። ሐኪሞቹ ሥራቸውን አጠናቅቀው መሄጃቸው ነበር፣ ያ ቀን ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረን አልነበረም። ስለዚህ የሺ በዚያ ከሰዓት አውሮፕላን መሄድ ነበረባት፣ እህቷን አስከትላ በመጠበቂያው ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጣለች፣ እኔ ደግሞ ሜዳ ላይ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ዐይኔ ግን በየጊዜው ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

ጉሙ ሲያስጨንቀን ውሎ ተገለጠ፣ አውሮፕላኑም በእርጥቡ መንደርደሪያ ላይ ውሃውን ግራና ቀኝ እየሰነጠቀ አረፈ፣ እመነኝ፣ እንዲያ ሲቆም ሳይ ዛሬም ደረቴ ይሞላል። አብራሪው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ሰናይት፣ ስትቆም ትንሽ ወደ ግራ ስባኛለች፣ ፍሬኗን እይልኝ» አላት። እሷ ጎማው እንዳይንሸራተት ታኮውን ለማስገባት ጎንበስ አለች። በዚህ መካከል አብራሪው የጋለው ፍሬን እንዲበርድ ለቀቀው፣ ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱም ስለ አየሩ ሊጠይቅ ረዳቱን ይዞ ወደ ሕንፃው ሄደ። ፍሬኑን መልቀቁ ደንብ ነው፣ ጥፋቱ ለሰናይት አለመንገሩ ነበር፣ እኛም ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። እሷ ፍሬኑ እንደ ተያዘ ነው ብላ አሰበች።

የጋለ ብረት ሲበርድ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል፣ ይህን ሁሌም የምሰማው ነው። ያን ዕለትም ሁለቱም ጎን ጢቅ ጢቅ ሲል ቆየ፣ ካፊያው አቀዘቀዘው፣ ጸጥ አለ። ከዚያ በግራው ጎማ ብቻ እንደገና ጀመረ፣ አሁን ግን እንደ መብረድ እየራቀ የሚሄድ አልነበረም፣ በር ላይ ቆሞ በጣቱ የሚያንኳኳ ሰው ዐይነት፣ ቆም ይላል፣ ይመለሳል።

የጥበቃ ሠራተኛችን አያ ቢምር ጠመንጃቸውን አንግተው ተጠጉ፣ የጠዳ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ግን «አለቃ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

«ምነው አለቃ፣ ይች ማኪና ታወራለች ልበል?»

«ብረት ሲበርድ ነው አያ ቢምር» አለች ሰናይት መብራቷን እያበራች።

«እሷማ በርዳለች! ይኸው ካፊያው ጎማዋ ላይ እንፋሎት አያወጣም። ልጄ፣ መልሽላት እንጂ፣ ትጠራሻለች እኮ።»

«እርስዎ ይመልሱላት፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ሳቀች፣ ጎንበስም አለች፣ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። «ጋሼ፣ እዚህ እጅዎን አስገብተው ነበር?»

አጎነበስሁ። የፍሬኑ አካል በጥቁር የካርቦን ብናኝ ተሸፍኗል፣ በፒኗ ዙሪያ ግን ሰው በአውራ ጣቱ አዙሮ እንዳበሰው ያለ ንጹሕ ክብ ነበር። እጄን ዘርግቼ አሳየኋት፣ ንጹሕ ነው፣ የእሷም ጓንት ገና አልቆሸሸም። «ውሃ አጥቦት ይሆናል» አልሁ። ውሃ ክብ አይሠራም፣ ይህን ስናገርም አውቀዋለሁ።

ሰናይት ለካች። «ይኸው፣ ሸጋ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል» አለች። እኔም ወዳጄ፣ ደስታዬን አልደብቅህም፣ ቀና ብዬ ወደ መስኮቱ ለየሺ እጄን አውለበለብሁ፣ እሷም መለሰችልኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሣ አየኋት።

ያን ጊዜ ፍሬኑ ያዘ።

ድምፁን እንዴት ልግለጽልህ፣ መጀመሪያ እንደ ረጅም እስትንፋስ «ፍሽሽ» አለ፣ ቀጥሎ ክቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠጋግተው «ግጥም» አሉ፣ በእግሬ ሥር ያለው አስፋልት የተሰማው መሰለኝ። ፒኗም በዐይናችን ፊት፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ውስጥ ሰመጠች፣ ሰመጠች፣ ከመቀመጫዋ ጋር እኩል ሆነች፣ ጥቂትም አለፈች።

ሰናይት እንደ ተንበረከከች ቀረች። «ፍሬኑ ተለቆ ነበር ማለት ነው» አለች ለራሷ፣ ከዚያ ጮክ ብላ፣ «ተለቆ ነው የለካሁት! አሁን ማን ያዘው? ላይ ማን አለ?»

ቀና አልን። አብራሪውና ረዳቱ ከሕንፃው ደጅ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል፣ የበረራ አስተናጋጇም አጠገባቸው ናት፣ ሦስቱም ይታዩናል። ሰናይት ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ጥቂት ቆይታ በአብራሪው መስኮት ራሷን ብቅ አደረገች።

«ጋሼ! ፒኗ አሁንም እንደ ገባች ናት?»

«እንደ ገባች ናት!»

«እዚህ ግን ፍሬኑ ተለቋል! እጀታው ወርዷል፣ የግፊቱ ጠቋሚ ምንም አያሳይም! ሰውም የለም!»

ይህን እያለች ሳለ፣ እኔ ዐይኔን ሳልነቅል፣ ፒኗ ቀስ ብላ ወጣች፣ እንደ ቀድሞዋ ረዘመች፣ ማንኳኳቱም ቀረ። አያ ቢምር አማተቡ። እኔ ግን ማማተቡንም ረሳሁት፣ ዕድሜዬን ሙሉ «የት ቆመህ አየኸው?» ብዬ ሰው ሳፋጥጥ ኖሬ አሁን እዚያው ቆሜ የማየው እኔ ነበርሁ።

«አሁን እኔ ልይዘው ነው፣ ይዩልኝ» አለች ሰናይት። እጀታውን ሳበች፣ ያው ድምፅ ተሰማ፣ ፒኗም እዚያው ቀድሞ የደረሰችበት ቦታ ደረሰች፣ ከዚያ አላለፈችም፣ አልጎደለችም። ፍሬኑ በእርግጥ አልቆ ነበር።

ሰናይትን የማደንቃት ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። የመጀመሪያውን ልኬት የሰማነው እኔና አያ ቢምር ብቻ ነን፣ ብትተወው የሚያውቅባት አልነበረም፣ እሷ ግን አብራሪው እንደ መጣ፣ «የመጀመሪያው ልኬቴ ስሕተት ነበር፣ ፍሬኑ መያዙን ሳላረጋግጥ ነው የለካሁት፣ አውሮፕላኑ አይነሣም» አለችው። አብራሪውም አልተቆጣም፣ «እኔም መልቀቄን አልነገርሁሽም» አለና ጎማውን ተመለከተ። ስላየነው ነገር ስንነግረው በፍሬኑ የዘይት መስመር ውስጥ የቀረ ግፊት ይሆናል አለ፣ ሰናይት «ግፊት ቢኖር ጠቋሚው ያሳየኝ ነበር» አለችው፣ አያ ቢምር ደግሞ «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ ምን ያስገርማችኋል?» አሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ፣ ነገር ግን ባላረጋገጥሁት ነገር ላይ የመልአክ ስም ለመጻፍ አልደፍርም።

ሰናይት ለኃላፊዋ ደወለች፣ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «ልኬቱ ደህና ከሆነልሽ ለምን ደገምሽው?» አላት።

«ፍሬኑ ራሱ ያዘ።»

«ማን ያዘው?»

ወደ እኔ ተመለከተች። ስልኩን ተቀበልኋትና ማንነቴን ተናግሬ፣ «እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ የያዘው ሰው የለም» አልሁት። ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር፣ «ይሁን፣ አውሮፕላኑ ይደር፣ መለዋወጫ ጠዋት ይላካል» ብሎ ዘጋው።

ለየሺ መንገር ገና ይቀረኝ ነበር። ስገባ ቆማ ነበር፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ምነው? ቀረ?»

«ቀረ። ፍሬኑ አልቋል።»

«ቀጠሮዬስ?»

ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበልኋት። ተቀመጠች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኋት፣ ከዚያ «እንግዲህ የእኔም በር አልዘጋ አለ፣ የእሷም ፍሬን አልይዝ አለ፣ ሁለታችንም ጥገና እንግባ» ብላ ፈገግ አለች። እህቷ ግን አለቀሰች። ያን ማታ መኪና ተከራይተን በዝናቡ ውስጥ እንሂድ ወይስ አንሂድ እያልን ስንከራከር አመሸን፣ ልቧ ያን መንገድ እንደማይችል ስለምናውቅ ተውነው። እንግዲህ ያየሁት ነገር ባለቤቴን ያዳናት ይሁን የገደላት ሳላውቅ ነው ያደርሁት።

በማግስቱ መለዋወጫ ባመጣው አውሮፕላን ሄደች፣ ስትደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር፣ ሆኖም ከሐኪሞቹ አንዷ ሻንጣዋን አስቀምጣ የመጨረሻ ታካሚ አድርጋ ተቀበለቻት። ልቧ ተጠገነ። ሰናይትም ሰንብታ ደወለችልኝ፣ ፍሬኑ ሲፈታ ከክቦቹ አንዱ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። «ያን ቀን ብንነሣ፣ አንድ ነገር ሆኖ አብራሪው የመነሻ ሩጫውን አቋርጦ ልቁም ቢል፣ ትይዝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልትይዝም ትችላለች፣ ላትይዝም ትችላለች፣ ጋሼ፣ በዚህ ላይ አልምልልዎትም» አለችኝ። መልሷን ወደድሁት፣ እንቅልፍ ግን ነሣኝ።

የሺ የተመለሰችው በካፊያ ነው። አውሮፕላኑ አርፎ ቆመ፣ ታኮ ገባ፣ ፍሬኑ ተለቀቀ፣ እሷም ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወረደች፣ ቀለሟ ተመልሶ፣ እኔን ፍለጋ ዙሪያዋን ስታይ። እኔ ግን በክንፉ ሥር፣ በግራው ጎማ ፊት ቆሜ ነበር። አዲሷ ፒን ረዝማ ወጥታለች፣ ንጹሕ ናት። እንድትንቀሳቀስ ፈለግሁ፣ እንዳትንቀሳቀስም ፈራሁ፣ ምክንያቱም ወዳጄ፣ ያን ቀን የያዘልን ነገር ሁልጊዜ ይይዝ እንደሆነ፣ ወይስ ያን ቀን ብቻ አልፎ ሲሄድ እጁን ያሳረፈ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

«ምን ቆመህ ትጠብቃለህ?» አለች የሺ ከኋላዬ ክንዴን ይዛ፣ «እኔ መጥቻለሁ እኮ!»

«እመጣለሁ» አልኋት፣ ግን ከቦታዬ አልተንቀሳቀስሁም፣ ጆሮዬን ወደ ጎማው አዘንብዬ ትንሽ ቆየሁ።