ባለላንድሮቨሩ

ሬሳው የተገኘው በኅዳር ወር 1998 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ ዳር በቆመች አሮጌ ላንድሮቨር ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ይዘንጋሽ ስትደርስ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። የሚያለቅስ ግን አንድም አልነበረም።

«ከሰል ነው የገደለው፤» አለ ቀድሟት የደረሰው ኮንስታብል ደመላሽ። «ብርዱ ሲጠናበት ከሰል አያይዞ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። በሮቹ ሁሉ ከውስጥ ተቀርቅረው ስላገኘኋቸው የኋላውን መስተዋት ሰብሬ ነው የከፈትኩት። የጤና ጣቢያው ሰውም የከሰል ጭስ ነው ብሏል። ይፈርሙልንና ይቀበር።»

«ምን ያስቸኩልሃል?»

«እኔ ሳልሆን ሰዉ ነው። መኪናዋ ከዚህ ትነሣልን እያለ ነው።»

ሟቹ ዱባለ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው መካኒክ ነው። ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ጋራዥ ሲዘጋ ተሰናበተ፤ በጨረታ የወጣችውን ላንድሮቨር ገዝቶ ጠጋገነና ሥራ ፍለጋ ወጣ። ደብረ ብርሃን ሁለት ወር፣ ሞላሌ ሦስት ሳምንት፣ ከዚያ መሐል ሜዳ። ከኋላ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፤ ልብሱን በሞተሩ ክዳን ላይ ያሰጣል፤ በፊት መስተዋቱ ላይ ደግሞ «መካኒክ ነኝ፤ ሥራ እፈልጋለሁ» የሚል ካርቶን አቁሟል።

የምርጫው ግርግር ገና ያልበረደበት ጊዜ ስለነበር ከተማው እንግዳ አያምንም። ግማሹ «የመንግሥት ጆሮ ነው» አለው። ግማሹ «ተቃዋሚዎች የላኩት ነው» አለ። የቀረው ደግሞ ሌባ ብሎት ተገላገለ። ሁለት ወር ሙሉ ቤቱ ያስገባው ሰው አልነበረም።

ይዘንጋሽ ራሷ ከደብረ ብርሃን ተዛውራ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ሰዉ እሷንም ቢሆን በጎሪጥ ነው የሚያያት። ጫማዋን አውልቃ ወደ ላንድሮቨሯ ገባች።

ዱባለ በጎኑ እንደተኛ ነው። ፊቱ ቀልቷል፤ ጢሙ በቅርብ ተላጭቷል። ከራስጌው የታጠበ ቱታ ተሰቅሏል፤ ጫማው ተወልውሎ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከእግርጌው አመድ የሞላው አዲስ የሸክላ ምድጃ አለ። አጠገቡ ሁለት የቆርቆሮ ኩባያዎች ነበሩ። አነሣችና አሸተተቻቸው። ሁለቱም አረቄ አረቄ ይላሉ።

«መስተዋቱ ላይ የነበረው ካርቶን የት ሄደ?»

ደመላሽ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ልብ አላልኩትም።»

ፈልጋ ከፍራሹ ሥር አገኘችው። ለሁለት ታጥፏል።

ሁለቱን የጎን መስኮቶች መረመረች። ዱባለ ሦስት ሦስት ጣት ያህል ከፈት አድርጎ፣ ወዲያም ወዲህም እንዳይንሸራተቱ ከውስጥ በምስማር አቁሟቸዋል። ክፍተቶቹ ግን በጆንያ ቁራጭ ተወትፈዋል።

«ያው ብርዱን ፈርቶ ነው፤» አለ ደመላሽ።

ይዘንጋሽ ወርዳ በውጭ በኩል ዞረች። የጆንያው ጫፍ በውጭ ተንጠልጥሎ፣ ውርጭ ይዞት እንደ እንጨት ደርቋል። ነካ አድርጋው እጇን በጋቢዋ ጠረገችና «ዛሬ አይቀበርም» አለች።

ላንድሮቨሯ የቆመችው በእትዬ ጌታነሽ አጥር ሥር ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በራቸው ላይ ሆነው ጠበቋት እንጂ ግቢ አላሏትም።

«ሦስት ጊዜ ለቀበሌ አመልክቻለሁ። የሰው አጥር ተደግፎ ይኖራል እንዴ? እጣቢም ደፍቼበታለሁ፤ አልክድም።»

«ምድጃው የእርስዎ ነው?»

«እኔ? እሳት ልጫር ብሎ ቢመጣ እንኳ ከልክዬዋለሁ!»

«ማን ይጠጋው ነበር ታዲያ?»

«ማንም። ከጨለመ ድንጋይ ይወረወርበታል። እሱም ገና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከውስጥ ይቀረቅርና ቢጠሩት አይከፍትም። ባለፈው ሐሙስ ማሙሽ የሚሉት፣ የወሰኔ ጋራዥ ሠራተኛ፣ መብራቱን በድንጋይ አረገፈለት። ያን ጊዜም አልከፈተም።»

«ማሙሽን ለምን አልከሰሱትም?»

«ወንድምየው የመንገድ ሥራው ካምፕ ጸሐፊ ነው። ሰው የሚያስቀጥር እሱ፣ የሚያስወጣ እሱ። ማን ደፍሮ ይናገረዋል?» አሉና በሩን ዘጉባት።

ጋራዡ ውስጥ ወሰኔ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ አገኘችው። ለመነሣት አልቸኮለም።

«ደንበኞቼን መንገድ ላይ እየጠለፈ በርካሽ ይሠራላቸዋል። አንድ ቀን በመፍቻ ልለው ስል ሰው ያዘኝ። ይኸው፣ ራሴ ነገርኩዎት።»

«ትናንት ማታስ?»

«ሞላሌ ነበርኩ። የቆመ አይሱዙ ስጠግን አድሬ ነው የመጣሁት፤ ባለመኪናውን ይጠይቁት።» ከዚያ ከሚኒባሱ ሥር ወጥቶ ተቀመጠ። «ሞተር ያውቃል። የሚያናድደኝም እሱ ነበር።»

ባለ አይሱዙው በስልክ ሲጠየቅ የወሰኔን ቃል አረጋገጠ።

ማሙሽ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጎማ እየነቀለ ነበር። ይዘንጋሽ ስትጠራው ቀና ብሎ አላያትም።

«መብራቱን ለምን ሰበርክበት?»

«ሐሙስ ዕለት ለካምፑ መካኒክነት አብረን ተፈተንን። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እኔ የተንተባተብኩበትን ሁሉ እሱ በሳቅ መለሰው።» ጎማውን በርግጫ መታው። «በሱ ቤት መሳቁ ነው።»

«ማን አለፈ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የሚለጠፈው። ገና ሄጄ አላየሁም።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ከእናቴ ቤት። ከሷ በቀር ያየኝ የለም። አሁን ልታስሪኝ ነው?»

«ገና ነው፤» አለችው።

ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በበሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ አንደኛ ዱባለ፣ ተጠባባቂ ማሙሽ። አንደኛው እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ካልቀረበ ተጠባባቂው ይተካል ይላል። ጸሐፊው ኃይለ ኢየሱስ ሠላሳ አምስት ዓመት የሆነው፣ ኮት የለበሰ፣ ንግግሩን መርጦ የሚናገር ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት። በዚያ ቀን ወንበር የሰጣት እሱ ብቻ ነው።

«ያሳዝናል። እንጀራ ሊያገኝ ሲል!»

«ተጠባባቂው ወንድምዎ ነው አሉ።»

ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ። «የእናቴ ልጅ ነው። ግን ፈተናውን የፈተነው መሐንዲሱ ነው፤ እኔ እጄን አላስገባሁም። ማሙሽንም በከንቱ እንዳትጠረጥሩት። ሰውየው ማለፉን በምን አውቆ?»

«ማንም አያውቅም ነበር?»

«ማንም! መሐንዲሱ ሐሙስ ማታ ፈርሞ ሰጠኝና አርብ በማለዳ አዲስ አበባ ሄደ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበት ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለጠፍኩት። ከመሐንዲሱና ከኔ በቀር ያየ ዓይን የለም። ለገዛ ወንድሜ እንኳ አልነገርኩም።»

«ዱባለን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሐሙስ፣ ለፈተና ሲመጣ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።» ሰዓቱን አየ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። «ሌላ ከሌለዎት ሥራ አለብኝ።»

ይዘንጋሽ ምድጃውን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ እትዬ አልጣሽ ቤት ወረደች። አልጣሽ ገልብጠው አዩት፤ ከሥሩ በአውራ ጣታቸው የተጫኑትን ምልክት አሳዩዋት። በቅዳሜው ገበያ የሸጡት አንድ ምድጃ ብቻ እንደሆነም ነገሯት። ይዘንጋሽ የገዢውን ስም በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና «ነገ በአራት ሰዓት ይምጡልኝ» አለቻቸው።

ማክሰኞ በአራት ሰዓት ሁሉም በላንድሮቨሯ ዙሪያ ቆመው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ከትናንቱም በዝቷል።

«በከሰል ለሞተ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ!» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

«በከሰል መሞቱስ እውነት ነው፤» አለች ይዘንጋሽ። «ግን ሆን ተብሎ ነው የተገደለው። መስኮቶቹን እዩ። ዱባለ የመኪና ሰው ነው፤ ጭስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። አየር እንዲገባው በምስማር አቁሞ ከፍቷቸዋል። በእነሱ ተማምኖም ተኛ። ብርድ የፈራ ሰው መስኮቱን ከውስጥ ይወትፋል። ይህ ጆንያ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የተጠቀጠቀው፤ ጫፉ ውጭ ሲያድር ውርጭ ይዞታል። በሮቹ ደግሞ ከውስጥ ተቀርቅረዋል። ከውስጥ የቀረቀረ ሰው ከውጭ ሊወትፍ አይችልም።»

ደመላሽ አንገቱን ደፋ።

«ምድጃውስ ከየት መጣ? በሦስት ጣት ክፍተት አይገባም። በበር ነው የገባው፤ በሩንም የከፈተው ዱባለ ራሱ ነው። እናንተ ድንጋይ ስትወረውሩበት፣ እሳት ስትከለክሉት የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ ለማናችሁም ሲመሽ አይከፍትም። ለአንድ ሰው ግን ከፍቷል። አብሮትም አረቄ ጠጥቷል፤ ሁለቱም ኩባያዎች ይሸታሉ። ይህን ከተማ የሚፈራ ሰው ለማን ነው የሚከፍተው?»

አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አቶ ወሰኔ ሞላሌ አድሯል፤ ምስክር አለው። እትዬ ጌታነሽ ምድጃ ይዘው ቢመጡ ይደነግጥ ነበር እንጂ አይቀበልም። ማሙሽ ሐሙስ መብራቱን የሰበረ ልጅ ነው፤ እሁድ ቢያንኳኳ አይከፈትለትም። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ስሙ። ዱባለ እሁድ ማታ ጢሙን ተላጭቷል፤ ቱታውን አጥቦ ሰቅሏል፤ ጫማውን ወልውሏል። ከሁሉ በላይ ሥራ እፈልጋለሁ የሚለውን ካርቶን አንሥቶ አጥፎ አስቀምጧል። ሥራ ፈላጊ ይህን ካርቶን የሚያነሣው መቼ ነው?»

«ሥራ ሲያገኝ ነዋ፤» አለ ወሰኔ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ሥራ ማግኘቱን እሁድ ማታ ያውቅ ነበር። ማስታወቂያው የተለጠፈው ግን ሰኞ ጠዋት ነው። ማን ነገረው? መሐንዲሱ አዲስ አበባ ነው። ከመሐንዲሱና ከኔ በቀር ያየ ዓይን የለም ያሉኝ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ነዎት። ወንድምዎን ከጥርጣሬ ለማውጣት ብለው ራስዎን ብቻዎን አስቀሩ።»

ኃይለ ኢየሱስ ኮቱን ቆለፈ። «ግምት ነው። በፍርድ ቤት አይቆምም።»

«እሁድ ጀምበር ሳትገባ ሄደው የምሥራቹን ነገሩት። ጢሙን እየተላጨ፣ ጫማውን እየወለወለ አረቄ አጠጡት። ለነገ ብርድ እንዳይመታህ ብለው ምድጃውን ከነከሰሉ ሰጡት። ባለሥራ ላደረገው ሰው እንዴት አይከፍትም? አጥብቆ ሲተኛ ተመልሰው መስኮቶቹን ወተፉ። ጠዋት አንደኛው አልቀረበም፤ ተጠባባቂው ይተካል። እትዬ አልጣሽ፣ ቅዳሜ ምድጃውን ለማን ሸጡት?»

«ለሳቸው፤» አሉ አልጣሽ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ወንድ ልጅ ለምድጃ ገበያ ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ፣ ሚስትዎ ታመዋል እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለቢሮ ነው አሉኝ።»

የኃይለ ኢየሱስ ያ የተመረጠ ንግግሩ ሁሉ ጠፋ።

«አምስት ዓመት! ወንድሜ አምስት ዓመት የሰው ጎማ ሲነቅል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በመኪና ውስጥ የሚያድር ሰው መጥቶ በአንድ ቀን ይውሰደው? እናንተስ ትፈልጉት ነበር? ከመሐላችሁ አንድ ሰው፣ አንድ፣ ይኑር ያለ አለ?»

የመለሰለት ማሙሽ ብቻ ነው።

«እኔ መች ለመንኩህ?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «በልጦኝ ነበር፤ በቃ በልጦኝ ነበር! ሌላ ፈተና እፈተን ነበር እኮ!» ወደ ወንድሙ ሊሄድ ሲል ወሰኔ ከኋላ ያዘው።

ደመላሽ ካቴናውን አወጣ። ጸሐፊው ሲወሰድ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ «ቢሆንም ያገር ልጅ ነው» አለ። ይዘንጋሽ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞረች። ዓይኑን የሰበረ አልነበረም። ቢያንስ አሥር ሰው ትክ ብሎ አያት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቴሌ ቢሮ ሄደች። ከዱባለ ኪስ በተገኘ ደብዳቤ ላይ በሸዋ ሮቢት የአንድ ሱቅ ስልክ ቁጥር ነበረ፤ ከሥሩም «ጥሩሸዋን ጥሩልኝ ይበሉ» ተብሎ ተጽፏል። ባለሱቁ ልኮ እስኪያስጠራት ድረስ ይዘንጋሽ የምትለውን በልቧ ደረደረች። ሦስት ጊዜ ደረደረችው።

«ሃሎ! ከመሐል ሜዳ ነው አሉኝ!» የሴትየዋ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ሮጣ ነው የመጣችው። «ማን ልበል?»

«ይዘንጋሽ እባላለሁ። ፖሊስ ነኝ። የዱባለ ባለቤት ነሽ?»

«አዎ፣ አዎ። ፈተና ተፈትኛለሁ ብሎ ልኮብኝ ነበር። እኔ እኮ ካሁን አሁን ይደወላል እያልኩ... በእግዚአብሔር፣ አለፈ?»

የደረደረችው ሁሉ ከልቧ ጠፋ። መዋሸት አልቻለችም።

«አልፏል፤» አለች። «አንደኛ ወጥቶ ነበር።»

ጥሩሸዋ «ነበር» የሚለውን አልሰማችም። እልልታዋ ስልኩን ሞላው፤ ባለሱቁም ከኋላ ሲያጅባት ይሰማል። ይዘንጋሽ እጀታውን ከጆሮዋ ሳታርቅ፣ ግንባሯን ከቢሮው ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ጥሩሸዋ፣» አለች ዝም ሲል፣ «አጠገብሽ የሚይዝሽ ሰው አለ?»